የፍራፍሬ ብስለትና አቀማመጥ በአለርጂ አምጪ ንጥረ ነገሮች ላይ የሚያስከትሉት ለውጥ

ለኤክስቴንሽን ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ

መግቢያ

ፍራፍሬ ከማሳ ተነሥቶ ገበያ እስኪደርስ ድረስ የሚደርስበትን ብልሽት ስለመቀነስ ብዙ ተብሏል። ስለ አለቃቀም፣ ስለ ሣጥን፣ ስለ ጥላና ስለ ቀዝቃዛ መጋዘን ገበሬው ከኤክስቴንሽን ሠራተኛው ደጋግሞ ሰምቷል። ከዚሁ ሥራ ጋር አብሮ የሚሄድ፣ ነገር ግን እምብዛም ያልተነገረለት አንድ ጉዳይ አለ። ይኸውም ፍራፍሬ በአንዳንድ ሰዎች ላይ የሚያስከትለው አለርጂ ነው።

ማንጎ ሲለቅም የዋለ ሠራተኛ በማግሥቱ ፊቱ አብጦ ሲነሣ፣ ሙዝ የበላ ልጅ ከንፈሩንና ጉሮሮውን ሲያሳክከው፣ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ምክንያት «ሳይበስል ስለተበላ ነው» ወይም «መድኃኒት ስለተረጨበት ነው» የሚል ነው። አንዳንዱም «በደንብ ከበሰለ ምንም አያደርግም» ብሎ ይመክራል። በገጠር ለእንዲህ ዓይነቱ ጥያቄ መልስ እንዲሰጥ ቀድሞ የሚጠየቀው የኤክስቴንሽን ሠራተኛው ወይም የማኅበሩ ግዢ ሠራተኛ ነው። የተሳሳተ መልስ ገበያ ከማሳጣቱም በላይ የሰው ሕይወት ሊያጠፋ ስለሚችል፣ ነገሩን ከመሠረቱ ማወቅ ያስፈልጋል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የፍሬው ዕድሜ፣ አበሳሰልና አቀማመጥ አለርጂ አምጪ ንጥረ ነገሮችን እንዴት እንደሚለውጡ ማስረዳት፣ ከዚያም በማሳና በመጋዘን ሊወሰዱ የሚገባቸውን ጥንቃቄዎች ማመልከት ነው።

1. አለርጂ ምንድን ነው?

አለርጂ ማለት ለብዙ ሰው ጉዳት የሌለውን ነገር የአንዳንድ ሰዎች የሰውነት መከላከያ ኃይል እንደ ጠላት ቆጥሮ ሲዋጋው የሚፈጠር ሕመም ነው። ፍራፍሬን በሚመለከት ሁለት ዓይነት አለርጂ ለይቶ ማወቅ ይገባል።

ሀ. ፈጣን አለርጂ። ይህ የሚነሣው በፍሬው ውስጥ ባሉ ፕሮቲኖች ምክንያት ነው። ምልክቱ ከበሉ በኋላ በጥቂት ደቂቃዎች፣ ቢዘገይ በሁለት ሰዓት ገደማ ውስጥ ይታያል። ከንፈርን፣ ምላስንና ላንቃን ማሳከክ፣ በሰውነት ላይ ሽፍታ መውጣት፣ የፊት ማበጥና ማስመለስ ይከሰታሉ። ሲከፋ ጉሮሮ ይዘጋል፣ ትንፋሽ ያጥራል፣ የደም ግፊት ይወርዳል፤ ሰውም ሊሞት ይችላል።

ለ. የዘገየ የቆዳ አለርጂ። ይህ የሚመጣው ቆዳ ከፍሬው ፈሳሽ ወይም ልጣጭ ጋር ሲነካካ ነው። ምልክቱ በአብዛኛው ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ቆይቶ ይወጣል። ቆዳው ይቀላል፣ ያሳክካል፣ ውሃ የቋጠሩ ትንንሽ እብጠቶች ያወጣል። የማንጎ ዓይነተኛ ችግር ይህ ነው።

ከነዚህ የተለየ ሦስተኛ ነገር ደግሞ አለ። የፓፓያ ወተትና የአናናስ ጭማቂ ማንኛውንም ሰው ቆዳውንና አፉን ሊያቃጥሉ ይችላሉ። ይህ ማቃጠል ነው እንጂ አለርጂ አይደለም። እንዲሁም ጸረ ተባይ በተረጨ ፍሬ መመረዝ ሌላ ነገር ነው። ሦስቱን ሳይለዩ ምክር መስጠት ተገቢ አይደለም።

2. ፍሬው እነዚህን ንጥረ ነገሮች ለምን ይሠራል?

አብዛኞቹ አለርጂ አምጪ ፕሮቲኖች ተክሉ ራሱን ከሻጋታ፣ ከተባይና ከቁስል የሚከላከልባቸው ናቸው። ለምሳሌ ካይቲኔዝ የሚባለው ፕሮቲን የሻጋታን ግድግዳ ያፈርሳል። በልጣጭ ላይ የሚገኘው ስብ አጓጓዥ ፕሮቲን ፍሬውን ከውጭ ጠላት ከሚጠብቁት አንዱ ነው። የማንጎ ሙጫም ቢሆን ፍሬውን ከመበስበስ ይከላከላል።

ይህን አንድ ነገር የተረዳ ሰው ቀጥሎ የሚመጣውን ሁሉ በቀላሉ ይረዳዋል። ፍሬ ሲቆስል፣ ሲሻግት፣ ብርድ ሲመታው ወይም ለረዥም ጊዜ ሲቀመጥ መከላከያውን ሊያበዛ ይችላል። ፍሬ ሲበስል ደግሞ አንዳንዱን መከላከያ ያፈርሳል፣ አንዳንዱን እንደ አዲስ ይሠራል። ስለሆነም በመጠንም በዓይነትም አለርጂ አምጪው በፍሬው ዕድሜ ሁሉ ሲለዋወጥ ይኖራል።

3. መድረስና መብሰል

ፍሬ ደረሰ የሚባለው ዕድገቱን ጨርሶ ለለቀማ ሲበቃ ነው። በሰለ የሚባለው ግን ለስልሶ፣ ጣፍጦና ሽታ አውጥቶ ለመብል ሲሆን ነው። ሙዝ፣ ማንጎ፣ አቮካዶ፣ ፓፓያ፣ ፖምና ኮክ ከደረሱ በኋላ ከዛፍ ተለቅመው ሊበስሉ ይችላሉ። እንዲያውም አቮካዶ ዛፉ ላይ እያለ አይለሰልስም። ብርቱካን፣ ሎሚ፣ ወይንና አናናስ ግን ከተለቀሙ በኋላ አይበስሉም።

በመጀመሪያዎቹ ፍሬዎች መብሰልን የሚያስነሣው ፍሬው ራሱ የሚያመነጨው ኤትሊን የተባለ ጋዝ ነው። ኤትሊን ስታርቹ ወደ ስኳር እንዲለወጥ፣ ሥጋው እንዲለሰልስ፣ ቀለሙም እንዲቀየር ያዛል። ነገር ግን ኤትሊን የመከላከያ ፕሮቲኖችንም የሚቀሰቅስ መልእክተኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ ጥናት ከፍራፍሬ አለርጂ ጋር የተያያዙት ካይቲኔዞች በኤትሊን ሊነቃቁ፣ በእሳት ሲሞቁ ግን ኃይላቸውን ሊያጡ እንደሚችሉ አሳይቷል። «ሲበስል ይጠፋል» የሚለው አባባል ለሁሉም ፍሬ የማይሠራው ስለዚህ ነው።

4. በየፍሬው የሚታየው ለውጥ

ሀ. ማንጎ

ማንጎ ከቁንዶ በርበሬ ዛፍና ከካሹ ጋር የአንድ ቤተሰብ ተክል ነው። ፍሬው ከጭራው ሲቀነጠስ በኃይል የሚፈናጠረው ሙጫና የልጣጩ ዘይት ሬዞርሲኖል ከሚባለው ወገን የሆኑ ንጥረ ነገሮችን ይይዛሉ። የቆዳ ሽፍታ የሚያመጡት እነዚህ ናቸው። በሥጋው ውስጥ ያለው መጠን ከልጣጩ ሲነጻጸር በጣም አነስተኛ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በእስራኤል የተደረጉ ጥናቶች እንዳመለከቱት፣ በእንጭጭ ማንጎ ልጣጭ ውስጥ የዚህ ወገን ንጥረ ነገሮች በብዛት ስለሚገኙ ጥቁር ነጠብጣብ የሚያመጣው ሻጋታ ተኝቶ ይቆያል። ፍሬው ሲበስል መጠናቸው ስለሚቀንስ ሻጋታው ይነሣል። ከዚህ ሁለት ትምህርት እናገኛለን። አንደኛ፣ ለቃሚው ለአደጋ ይበልጥ የሚጋለጠው ፍሬው ጥሬ ሆኖ ሙጫው በበዛበት በለቀማ ሰዓት ነው። ሁለተኛ፣ የበሰለ ማንጎ ልጣጭ አደጋው ቢቀንስም ጨርሶ ስለማይጠፋ፣ ቆዳው የሚቆጣ ሰው ማንጎን ከነልጣጩ በጥርሱ መግመጥ የለበትም። በከንፈር ዙሪያ የሚወጣው ሽፍታ በአብዛኛው የሚመጣው ከዚህ ነው።

የማንጎ ፕሮቲን የሚያስነሣው ፈጣን አለርጂ ከቆዳው ሽፍታ ያነሰ ቢሆንም ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ የጀርመን ጥናት እነዚህ ፕሮቲኖች በማሞቅና በሌሎች የፋብሪካ ሥራዎች በቀላሉ እንደማይጠፉ ገልጿል። ስለዚህ ማንጎ የማይስማማው ሰው የማንጎ ጭማቂም ላይስማማው ይችላል።

ለ. ፓፓያ

ጥሬ ፓፓያ ሲጫር ነጭ ወተት ያፈሳል። በዚህ ወተት ውስጥ ፓፔይንና ካይሞፓፔይን የሚባሉ ፕሮቲን ቆራጭ ኤንዛይሞች አሉ። ፓፔይን ሥጋ ለማለስለስ የሚያገለግል ሲሆን፣ ደርቆ ዱቄት ሆኖ በአየር ሲተነፈስ በሠራተኞች ላይ አስም እንደሚያስነሣ ታውቋል። ፍሬው እየበሰለ ሲሄድ ወተቱ እየቀነሰ ይመጣል፤ በደንብ በበሰለ ፍሬ ላይ እምብዛም አይታይም። ስለዚህ በፓፓያ ረገድ ብስለት ወተቱን ይቀንሰዋል ማለት ይቻላል። ሆኖም የበሰለው ፓፓያ አለርጂ ላለበት ሰው ይስማማል ማለት አይደለም።

ሐ. ሙዝ

የሙዝ ጉዳይ «ጥሬው ነው የሚጎዳው» የሚለውን አባባል የሚያፈርስ ነው። በእንጭጭ ሙዝ ሥጋ ውስጥ ከካይቲኔዝ ጋር የሚመሳሰል ፕሮቲን በብዛት ተከማችቶ ይገኛል። ሙዙ ሲበስል ይህ ክምችት ይቀንሳል። በምትኩ ግን ቶማቲን መሰል የሚባል ሌላ የመከላከያ ፕሮቲን ይበዛና በበሰለ ሙዝ ውስጥ ከሁሉ ጎልቶ ይገኛል። ይህም ከታወቁት የሙዝ አለርጂ አምጪዎች አንዱ ነው። ይህም ማለት ብስለቱ አንዱን ሲያወጣ ሌላውን ያስገባል። አንዱ ሰው በጥሬው፣ ሌላው በበሰለው ሊታመም ይችላል።

በተጨማሪ ሊታወቅ የሚገባው የሙዝና የጎማ ዝምድና ነው። ከጎማ ዛፍ ወተት የሚሠራ ጓንት የማይስማማቸው ሰዎች ከ30 እስከ 50 በመቶ የሚሆኑት ሙዝ፣ አቮካዶ፣ ኪዊ ወይም ሌላ ፍሬ ሲበሉም ይታመማሉ። ምክንያቱም የጎማው ፕሮቲንና የፍሬዎቹ ፕሮቲን ስለሚመሳሰሉ ሰውነት አንዱን ከሌላው አይለይም። በማሸጊያ ቤት ጓንት የሚገዙ ማኅበራት ይህን ማስታወስ አለባቸው።

መ. አቮካዶ

የአቮካዶ ዋና አለርጂ አምጪ ከላይ የተጠቀሰው ካይቲኔዝ ነው። ይህ ፕሮቲን በእሳት ኃይሉን ያጣል፤ አቮካዶ ግን የሚበላው ሳይቀቀል ስለሆነ ይህ ጥቅም አይገኝበትም። አቮካዶ ካልበሰለ ስለማይበላም ተመጋቢው ምንጊዜም የሚያገኘው ኤትሊን የሠራበትን ፍሬ ነው። ስለሆነም ለአቮካዶ አለርጂ መፍትሔው አለመብላት እንጂ አበሳሰሉን መለወጥ አይደለም።

ሠ. ፖም (አፕል)

በጨንቻና በሌሎች ደጋ ቦታዎች የሚለማው ፖም የአቀማመጥን ተጽዕኖ ከሁሉ በተሻለ የሚያሳይ ፍሬ ነው። በፖም ውስጥ ሁለት ዋና አለርጂ አምጪዎች አሉ። የመጀመሪያው በሰሜንና በመካከለኛው አውሮፓ በርች ከተባለው ዛፍ የአበባ ዱቄት ጋር የሚመሳሰለው ፕሮቲን ነው። ይህ ገና በተለቀመ ፖም ውስጥ አነስተኛ ሲሆን፣ በቀዝቃዛ መጋዘን ወራት ሲቆይ እየጨመረ ይሄዳል። ሁለተኛው በልጣጩ ውስጥ የሚገኘውና በደቡብ አውሮፓ ብዙ ሰው የሚያሳምመው ስብ አጓጓዥ ፕሮቲን ነው። ይህኛው በመጋዘን ሲቆይ ይቀንሳል።

እንግዲህ አንድ ሣጥን ፖም በአንድ መጋዘን ውስጥ ተቀምጦ ለአንዱ ሰው የከፋ፣ ለሌላው የተሻለ ይሆናል ማለት ነው። የመጀመሪያው ፕሮቲን ሲቀቀል ስለሚፈርስ ጥሬ ፖም የማይስማማቸው አንዳንድ ሰዎች የተቀቀለውን ያለ ችግር ይበላሉ። ሁለተኛው ግን ሙቀትን ስለሚቋቋም መቀቀሉ አያድንም።

የዝርያም ልዩነት አለ። ጎልደን ዴሊሼስና ግራኒ ስሚዝ የመጀመሪያው ፕሮቲን የሚበዛባቸው ሲሆኑ፣ በኔዘርላንድ የተገኘው ሳንታና የሚባለው ዝርያ አነስተኛ እንደሆነ ታውቋል።

ረ. ኮክ

በኮክ የሚገኘው ስብ አጓጓዥ ፕሮቲን የሚከማቸው በልጣጩ ላይ ነው። በስፔንና በኢጣሊያ ከባድ የምግብ አለርጂ ከሚያመጡት አንዱ ነው። ፍሬው ዛፉ ላይ እየበሰለ ሲሄድ መጠኑ እንደሚጨምር በተለያዩ ዝርያዎች ታይቷል። መላጥ ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም። ሙቀትንና የጨጓራ አሲድን ስለሚቋቋም በማርማላታና በጭማቂ ውስጥም ሊኖር ይችላል።

5. ፍሬ ስለማብሰያ ዘዴዎች

ሙዝን በተዘጋ ቤት ውስጥ በነጭ ጋዝ (ላምባ) ጭስ ማብሰል በአገራችን የቆየ ልማድ ነው። ጭሱ ከኤትሊን ጋር የሚመሳሰሉ ጋዞች ስላሉት ሙዙ ይበስላል። ነገር ግን ጭሱ የሠራተኛውን ዓይንና ሳንባ ይጎዳል፤ አስም ያለበትን ሰው ደግሞ ሊያስነሣበት ይችላል። ካርባይድ የተባለው ንጥረ ነገር ከዚህ የባሰ ነው። የአርሴኒክና የፎስፈረስ ቅሪት ሊኖርበት ስለሚችል ለምግብ ማብሰያ መዋል የለበትም።

የሚመከረው ዘዴ ንጹሕ ኤትሊን ነው። በጥቅሉ ከ100 እስከ 150 ፒፒኤም ኤትሊን፣ ከ15 እስከ 18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀትና ከ90 እስከ 95 በመቶ የአየር እርጥበት ባለበት ክፍል ከ24 እስከ 48 ሰዓት ሙዙን ማቆየት ይበቃል። ከዚያ ክፍሉ በደንብ መናፈስ አለበት። ጋዝ ማግኘት ያልቻለ ማኅበር የበሰለ ሙዝ ከጥሬው ጋር በአንድ ሣጥን ሸፍኖ ቢያስቀምጥ ፍሬው ከራሱ በሚያወጣው ኤትሊን ይበስላል፤ ጊዜው ብቻ ይረዝማል።

ከዚህ ላይ መታወቅ ያለበት ንጹሕ ኤትሊን ጭስና መርዝ ያስወግዳል እንጂ የፍሬውን የተፈጥሮ አለርጂ አምጪ አያስወግድም። «በንጹሕ ዘዴ የበሰለ ስለሆነ አለርጂ የለውም» ብሎ መሸጥ ሐሰት ነው።

6. የደረቀ ፍራፍሬ

ማንጎን የመሰለ ፍሬ አድርቆ የሚሸጥ ማኅበር ቀለሙ እንዳይጠቁር ሰልፋይት ወይም የድኝ ጭስ የሚጠቀም ከሆነ፣ አስም ላለባቸው አንዳንድ ሰዎች ሰልፋይት አደገኛ መሆኑን አውቆ በማሸጊያው ላይ በግልጽ መጻፍ ይገባዋል። ማድረቅ ብቻውንም አለርጂ አምጪ ፕሮቲንን ያጠፋል ተብሎ መታመን የለበትም።

7. በማሳና በመጋዘን የሚደረግ ጥንቃቄ

ሀ. ማንጎ ሲለቀም ጥቂት ጭራ አስቀርቶ በመቀስ መቁረጥ። ጭራው በኋላ ሲቀነጠስ ፍሬውን ወደታች ደፍቶ ሙጫው እስኪንጠፈጠፍ ድረስ በመደርደሪያ ላይ ማቆየት። ይህም ሠራተኛውን ከሽፍታ፣ ልጣጩን ከሙጫ ቃጠሎ ያድናል።

ለ. ለቃሚዎች እጅጌ ረዥም ልብስ እንዲለብሱ ማድረግ። ጓንት ሲገዛ ከተፈጥሮ ጎማ ያልተሠራውን መምረጥ። ሙጫ የነካው ቆዳ ወዲያውኑ በሳሙናና በውሃ ይታጠባል፤ ሳይታጠቡ ዓይንና ፊት መንካት ክልክል ነው።

ሐ. አንድ ጊዜ የማንጎ ሽፍታ የወጣበትን ሠራተኛ ከሙጫ ጋር ወደማያነካካ ሥራ ማዛወር። ሕመሙ በተደጋገመ ቁጥር ሊብስ ስለሚችል «ይለምደዋል» ማለት ስሕተት ነው።

መ. ፍሬን አለማቁሰል፣ የሻገተውንም ወዲያውኑ መለየት። የተጎዳ ፍሬ መከላከያ ፕሮቲኑን ሊያበዛ ይችላል፤ ሻጋታውም ራሱ ለሳንባ ጠንቅ ነው።

ሠ. እያንዳንዱን ፍሬ በሚስማማው ሙቀት ማስቀመጥ። ሙዝና ማንጎ ከ12 እስከ 14 ዲግሪ፣ ፖም ግን ከ0 እስከ 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይስማማዋል። ብርድ የመታው ሙዝ ይጠቁራል፣ ጣዕሙም ይበላሻል።

ረ. መዝገብ መያዝ። ዝርያው፣ የተለቀመበት ቀን፣ በመጋዘን የቆየበት ጊዜና የበሰለበት ዘዴ ለየሣጥኑ ይመዝገብ። አንድ ገዢ «ፍሬያችሁ አሳመመኝ» ብሎ ሲመጣ ነገሩን ለማጣራት የሚያስችለው ይህ መዝገብ ብቻ ነው። መዝገብ የሌለው ማኅበር ሙጫ ይሁን፣ ጭስ ይሁን፣ ጸረ ተባይ ይሁን መለየት አይችልም።

8. አለርጂ ሲነሣ

ፍሬ የበላ ሰው ትንፋሽ ካጠረው፣ ድምፁ ከተዘጋ፣ ፊቱና ምላሱ ካበጠ ወይም ራሱን ከሳተ ሳይዘገይ በቅርብ ወዳለ ጤና ጣቢያ መወሰድ አለበት። መድኃኒቱ አድሬናሊን የተባለ መርፌ ሲሆን የሚፈለገውም በደቂቃዎች ውስጥ ነው። በሽተኛው በጀርባው ይተኛ፤ መተንፈስ ካስቸገረው ግን ቀና ብሎ ይቀመጥ። ቆሞ እንዲሄድ አይደረግም። ወተት፣ ማር ወይም የባህል መድኃኒት እያጠጡ ጊዜ ማባከን ሕይወት ያጠፋል።

አፉን ብቻ ያሳከከው ሰው ደግሞ ያንን ፍሬ ትቶ ሐኪም ይማከር። በምንም ምክንያት ቢሆን የኤክስቴንሽን ሠራተኛ «ትንሽ በሰል ሲል ሞክረው» ወይም «ልጠህ ብላው» ብሎ መምከር የለበትም። ሙከራ የሚደረገው ሐኪምና መድኃኒት ባለበት ቦታ ነው።

ማጠቃለያ

ብስለትና አቀማመጥ የፍራፍሬን አለርጂ አምጪ ንጥረ ነገሮች ይለውጣሉ፤ የለውጡ አቅጣጫ ግን በየፍሬውና በየንጥረ ነገሩ ይለያያል። የማንጎ ሙጫና የፓፓያ ወተት ከብስለት ጋር ይቀንሳሉ። በሙዝ አንዱ ሲቀንስ ሌላው ይጨምራል። በኮክ ልጣጭ ከብስለት ጋር ይጨምራል። በፖም መጋዘኑ አንዱን ሲያበዛ ሌላውን ያሳንሳል። ስለሆነም ለሁሉም ፍሬ የሚያገለግል አንድ ምክር የለም።

ፍራፍሬ ለአብዛኛው ሕዝብ ጤናን የሚጠብቅ ምግብ መሆኑ አይዘነጋም፤ አለርጂ ያለበት ጥቂቱ ነውና ሌላው ሰው ፍራፍሬን እንዲፈራ ማድረግ አይገባም። ከኤክስቴንሽን ሠራተኛውና ከማኅበሩ የሚጠበቀው ለቃሚውን ከሙጫ መጠበቅ፣ ፍሬውን ሳያቆስሉ በንጹሕ ዘዴ አብስሎ ማስቀመጥ፣ መዝገብ መያዝና ለገዢው እውነቱን መናገር ነው። ከዚህ ያለፈው የሐኪም ድርሻ ነው።